አባቴ ኮንሰርት የገባ ዕለት

እኔና ታናሽ እህቴ «አባባ የሴት ወሬ አይሰማም» እያልን ነው ያደግነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ አሮጌ በርሜል ፊቱ አጋድሞ የከሰል ማንደጃ ሲቀጠቅጥ እደርስና፣ መዶሻውን እስኪያስቀምጥ ጠብቄ «አባባ! አባባ!» እላለሁ። ወይ ፍንክች! «ወዬ» የሚል የለም። ከአጠገቡ የሚሠራው ድምፀ ጎርናና ወሎዬ «ሰውዬ፣ ልጅህ መጥታለች» ሲለው ግን ወዲያው ቀና ይላል። አንዴ ሁለቴ ሲሆን ያስቃል፤ ዕድሜ ልክ ሲሆን ያንገበግባል። እኔ ደግሞ ዋጥ አድርጌ የምተው ሰው አይደለሁም። «አንተ ጆሮ ያለህ ለወንድ ብቻ ነው!» ብዬ ምሳ ዕቃውን ዘጭ አድርጌለት እመለሳለሁ።

እህቴ እንደኔ አይደለችም፤ የከፋት እንደሆነ ዝም ነው የምትለው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ «አንቺ ሶፕራኖ ነሽ» አሏት። ሶፕራኖ ማለት ከሴት ድምፅ ሁሉ ቀጭኑ፣ ከሁሉም በላይ የሚወጣው ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ጠዋት ማታ ልምምድ ሆነ። ወሎዬው ቤቱም ከኛ ጋር ግድግዳ ይጋራልና «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ አንድ ቀን ብርጭቆዬን ሳትሰብርብኝ አትቀርም!» እያለ ይስቅ ነበር። አባባ ግን ከሥራ ሲመለስ በአጠገቧ አልፎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ራቱን ይበላል። እንዴት እንዳገኘው ስትጠይቀው «ጎበዝ» ይላል፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ።

«አንድ ቀን እንኳ ደስ ይላል ቢለኝ፣ ካልሆነም ዝም በይ ብሎ ቢቆጣኝ ምን አለበት?» አለችኝ አንዴ። «ለሱ እኮ እኔ የለሁም።»

አምና አንድ እንግዳ የኦርኬስትራ መሪ ከውጭ አገር መጣና፣ ከሙሉ ኦርኬስትራው ፊት ቆማ ብቻዋን እንድትዘፍን እሷን መረጠ። ኮንሰርቱ እሁድ ከሰዓት፣ ከመርካቶ ብዙም በማይርቅ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። እህቴ የአባባን የመግቢያ ካርድ ለኔ ሰጠችኝ። «እንዳትለምኚው። ከመጣ መጣ፤ ካልመጣም ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ለምጄዋለሁ ስትል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። በሷ ቤት የደበቀችኝ መስሏታል።

እኔም ሄጄ ጆሮው ሥር ነገርኩት።

«ምነው ትጮሂያለሽ? መች ደነቆርኩ!» አለኝ። ቀጥሎም «ለመሆኑ ማይክ ይሰጧታል?» ብሎ ጠየቀ።

«የዚህ ዓይነቱ ያለ ማይክ ነው አባባ።»

«እንዴት ተደርጎ! ያን ሁሉ ሰው ጠርተው ልጄን ማይክ ይከለክሏታል? ለሠርግ የሚያከራይ ወዳጅ አለኝ፤ እኔው ይዤላት እመጣለሁ!»

ያንን ማይክ እስካስተወው ድረስ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሁድ ገበያው ጭር ብሏል። አባባ ለኔ ሠርግ ያሰፋውን ጥቁር ኮት ለበሰ፤ ከላዩ ሸማ ተራ ካለው ሱቄ የሰጠሁትን ጋቢ ደረበበት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከበሮውና ቁመታቸው ከሰው የሚበልጠው ባለ ወፍራም ድምፅ መሣሪያዎች ሲጀምሩ ጉልበቱን መታ መታ ያደርግ ጀመር። መሪውንም ወደደው። «በርሜል ሁለት ሆነን በተራ ስንመታ እንዲህ ያለ ሰው ነበር የሚያስፈልገን» አለኝ። ሹክሹክታ መስሎታል፤ የፊቱ ረድፍ በሙሉ ዞሮ አየን። ትንንሾቹ ቫዮሊኖች ብቻቸውን ሲጫወቱ ግን «እነዚህ ምን እየጠበቁ ነው?» አለኝ። ሙዚቃው አልገባውም ብዬ አለፍኩት።

እህቴ ወጣች። ነጭ የአበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ጥበቡን የመረጥኩላት እኔ ነኝ፣ ስታምር! ዘፈኑ በአማርኛ ነው፤ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። የአባባ ፊት በራ። ወደኔ ጠጋ ብሎ «ሰማሻት? እሷ እኮ ናት!» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ፊቱ እንደዚያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ድምፅዋ ሽቅብ ወጣ፤ ወጣ፣ ወጣ። መሪው ግራ መዳፉን ዝቅ ሲያደርግ መሣሪያው ሁሉ ዝም አለ፤ እሷ ብቻዋን እላይ ቀረች። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

አባባ ክንዴን ጨመደደኝ። «ምን ሆነች?»

«እሽሽ!»

ያየውን በኋላ ነው የነገረኝ። የእህቴ አፍ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም። መሣሪያው ቆሟል። መሪው ቀኝ እጁን አየር ላይ ሰቅሎ ያያታል፤ ሰዉም ፈዞ ያያታል። አባባ ብድግ አለ። ከመዶሻ ጫጫታ በላይ ሲጮህ በኖረ ድምፁ አዳራሹን አናጋው።

«አይዞሽ! አይዞሽ ልጄ! አለሁልሽ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ «እሽሽ» አለ። ጋቢውን ብጎትት አልቀመጥ አለኝ። መሪው ትከሻው ነጠር አለ እንጂ እጁን አላወረደም። እህቴም አላቋረጠችም። ዓይኗን ወደኛ መልሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ከላይ ቀስ በቀስ ወርዳ ዘፈኑን ጨረሰችው።

ጭብጨባው ሲጀመር አባባ ተቀመጠ። «ተመስገን፣ ድምፅዋ ተመለሰላት» አለኝ።

«መች ጠፋና አባባ?» አልኩት ጆሮው ሥር።

«ቅድም፣ ስነሳ።»

«ቅድም እኮ ስትዘፍን ነበር። ሰዉ ሁሉ ሰምቷታል።»

አየኝ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ ወደ ጆሮው ሰደደ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ፤ እየጠራ የማያነሳው ስልክ፣ እያፏጨ የማይሰማው ማንቆርቆሪያ፣ «አባባ» ስንለው የማይዞረው ጀርባው። መዶሻው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ከጆሮው ወስዶበታል፤ የተረፈው ወፍራም ወፍራሙ ነው። የወሎዬው ድምፅ ይገባል፣ የኛ ደጅ ይቀራል።

ሁሉም ሲያበቃ መሪው ከእህቴ ጋር ወረደ። የአባባን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ በወፍራም ድምፁ በአገሩ ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። አባባ ፈረንጁን ጥርት አድርጎ ሰማው፤ አንድም ቃል አልገባውም። በአክብሮት እጅ ነሳና ወደ ልጁ ዞረ።

«አልሰማሁሽም፣ ልጄ» አላት። «እዚያ ላይ ስትደርሺ ምንም የለም። ቤትም እንዲሁ ነው። አፍሽን ከፍተሽ ሳይሽ ገና እየተሰናዳች ነው እላለሁ። ገና አልጀመረችም እያልኩ ይኸው ስንት ዓመት ጠበቅኩሽ።»

እህቴ ጋቢው ውስጥ ገብታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። ሱቆቹ ዝግ ናቸው፤ መንገዱም ሰፍቷል። አባባ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊታችን ይሄዳል። እህቴ ቆም አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። ያን ሁሉ ሰው ያስጨበጨበውን ድምፅ ትታ፣ ከደረቷ ሥር፣ ልክ እንደ ወሎዬው ጎርነን አድርጋ «አባባ» አለች። ጮክ እንኳ አላለችም።

አባባ ዞረ።

«ወዬ፣ ልጄ።»