ለእትዬ የፈረምኩት ወረቀት

ከዚህ በፊት ታሪክ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ መዘዝ ያመጣው ሁለት ቃል ነው፤ እሱም የሌላ ሰው ስም ነበር።

ሐበሻ የሚበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ የባልትና ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቷን እትዬ እላቸዋለሁ። በበርበሬያቸው ፓኬት ላይ ሻሽ ያሰረ ፊታቸው ተስሏል፤ ከሥሩ ስማቸው አለ። ሱቁን የከፈቱት ከወንድማቸው ልጅ ጋር ነው። ሲጣሉ ሽማግሌዎች ተቀመጡና ሱቁ ለእትዬ፣ የንግድ ምልክቱ ለእሱ ይሁን ብለው አስማሟቸው።

"ስሜን ይውሰድ፤ አቀማመሙን ግን አላሳየውም" አሉ እትዬ። ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

የወንድማቸው ልጅ የምልክቱን ማስተላለፊያ ወረቀት ይዞ የመጣ ቀን ጓዳ ውስጥ በርበሬውን ከቅመሙ ጋር እያዋሃድን ነበር። እትዬ እስከ ክርናቸው ቀልተዋል።

"እጄ በርበሬ ነው፤ አንቺ ጻፊልኝ" አሉኝ።

የፊርማው መስመር ላይ ስማቸውን ጻፍኩ። አመስግኖኝ ወደሚኖርበት ቶራንስ ተመለሰ። ምልክቱም በእሱ ስም ተመዘገበ።

ከዚያ ወዲህ ከሌላ ቦታ የገዛውን በርበሬ የእትዬ ፊት ባለበት ፓኬት ማሸግ ጀመረ። ሰው ግን ፓኬቱን የሚመልሰው ለእኛ ነው። አንድ የእትዬ እኩያ የሆኑ ባለታክሲ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡትና፣

"ፓኬቱ ላይ ፊትሽ አላረጀም፤ በርበሬሽ ነው ያረጀው" አሏቸው።

"ፊቱ ነው የኔ። በርበሬው የኔ አይደለም።"

"ታዲያ ፊትሽን ማን አከራዪ አለሽ?"

እትዬ አልሳቁም። በሳምንቱ ዌስትውድ ወደምትሠራ ጠበቃ ሄድን። እኔ የሄድኩት ድራይቭ ለማድረግ ነበር።

ጠበቃዋ እዚህ ያደገች ሐበሻ ናት። "ሶ፣ ምዝገባው ይሰረዝ ለማለት ምክንያት ያስፈልገናል" አለች። አንዱ፣ ስሙ ያለ አቀማመሙ መተላለፉና ገዢው የእትዬ በርበሬ እየመሰለው መሳሳቱ ነው። እሱ ግን ክርክር አለበት፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ሌላው ቀላል ነው አለችና ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረችው።

"እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ፊርማ ነው? ሳታውቂ ሌላ ሰው ፈርሞት ከሆነ ምልክቱ መጀመሪያውኑ አልተላለፈም። ምዝገባውም ይወድቃል።"

እትዬ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

"ዓይኔ ደክሟል፤ እሷ ትንገርሽ።"

የፈለጉት ገባኝ። ሳያውቁ ነው የፈረምኩት ብል ፊታቸው ይመለስላቸዋል፤ እኔ የሰው ስም የሰረቅሁ እሆናለሁ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ጠረጴዛውን እያየሁ ነው የመለስኩት።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጻፊልኝ ያሉኝ ግን እሳቸው ናቸው።"

"ኦኬ" አለች ጠበቃዋ፤ ካስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ሰረዘች። "በመጀመሪያው ምክንያት እንሄዳለን።"

ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ፌርፋክስ ደርሰን ፓርክ ካደረግኩ በኋላ እትዬ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

"ያን ቀን እጄን ታጥቤ ወረቀቱን ላነበው እችል ነበር" አሉኝ። "ቧንቧው እኮ አጠገቤ ነበር።"