አባቴ የታደጉት ቢትወደድ

ባለፈው እሁድ ቡታጅራ ቤቴ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ሳለሁ፣ ድሮ በመድረክ ይታይ የነበረው የአንድ ቢትወደድ ትያትር ለቴሌቪዥን ተሠርቶ መጣና፣ ገና ሰውዬው በመስኮቱ ብቅ ሲሉ አገጬን በላኝ። ጺማቸው ያምራል፤ አንድ በአንድ የተተከለ ይመስላል። የእኔው ከእንሰት ቃጫ የተሠራ፣ በክር ከጆሮዬ የታሰረ ነበር። አዎ፣ ሳቁብኝ፤ እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ቢትወደድ ሆኜ ተጫውቻለሁ።

ከጎጃም የመጡት የአማርኛ መምህራችን ሲያለማምዱን፣ የእኔ አማርኛ ከጉራጊኛው ጋር እየተጋፋ ስለሚወጣ ፊታቸውን አጨማደው ነበር የሚሰሙኝ፤ ለቢትወደድነት ያበቃኝም ቁመቴ እንጂ ችሎታዬ አይደለም፤ ካባ ተብሎ የተሰጠን የቢሮ መጋረጃ ሌላው ልጅ ላይ መሬት ይጠርግ ነበርና። በርበሬ ነጋዴው አባቴ ትያትርን ከሥራ ፈትነት ለይተው አያዩትም። መጨረሻ ላይ ንጉሡ ስቅላት ሲፈርድብኝ የምናገራትን ረጅም ንግግር ቢሰሙ ግን፣ አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ይሉኝ ይሆናል ብዬ በመንገዱም በመኝታዬም ሳነበንባት ከረምኩ። ትናንት ራቴን ምን እንደበላሁ አላውቅም፤ እሷን ግን ዛሬም አልረሳኋትም።

ቀኑ ደረሰና አዳራሹ ሞላ፤ ሰዉ ከገበያ በልብሱ ይዞት በመጣው በርበሬ ግማሹ ተመልካች ያስነጥሳል። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። ንጉሡ፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ፣ ፈረደ። እኔ ለንግግሬ አየር ስስብ፣ አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። በእኛ ዘንድ ጠብ እያየ ቁጭ ያለ ሽማግሌ ነውረኛ ነውና፣ ሌሎቹም ተከትለው ቆሙ።

«ቢስሚላሂ» አሉ አባቴ። «ጃንሆይ፣ ይሄ ሰው አጥፍቶም ሊሆን ይችላል። ግን ሽማግሌ ሳይገባበት ሰው ይሰቀላል ወይ? ለእኛ ይስጡን።»

መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብለው፣ «አባባ፣ ትያትር እኮ ነው!» አሉ።

«አውቃለሁ፣ መምህር። ትያትርም ቢሆን አያምርም።»

ንጉሡ እኔን አየ፣ መምህሩን አየ፣ ከዘራውን አየና «በቃ፣ ምሬዋለሁ» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በታሪክ የተሰቀሉት ቢትወደድ ቡታጅራ ላይ ዳኑ፤ ንግግሬ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረች። ወደ ቤት ሄደን በራችን ላይ ስንደርስ፣ አባቴ ቃጫውን ከጆሮዬ እየፈቱ «ይሄ ነገር አያሳክክህም?» አሉኝ። «ጎበዝ»ን ሳይሉኝ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

እሁድ ዕለት ታዲያ፣ በቴሌቪዥኑ ፍርዱ ሲነበብ፣ ለካ ሳላስበው ከዘራዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አባባ፣ ከለልከን እኮ! ቁጭ በላ!» አለች የልጅ ልጄ።

ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ከእኔ ጋር የተነሳ የለም። ተቀመጥኩ። ቢትወደዱ ያቺን ንግግሬን አንድ ቃል ሳይስቱ፣ ከእኔ በጠራ አማርኛ ተናገሩ። ከዚያም ሰቀሏቸው።