በር ላይ የደረሰው ስኳር

ሽማግሌው ዘበኛ አንገትጌው የነተበ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። የተቀቀለ ምስርና ጎመን ነው፤ ዘይት ያልነካው፣ ምግብ አይሉት መድኃኒት። ሻይ ሻጯ እንደ ልማዷ ሁለት ማንኪያ ስኳር ልትጨምርላቸው ስትል ብርጭቆውን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ውይ አባባ! ስኳር ያዘዎት እንዴ?»

«ገና ነው። ሐኪሙ ‹በር ላይ ደርሷል› አለኝ። በር መጠበቅ ደግሞ እንጀራዬ ነው።»

እሷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም፤ ምስሩን በማንኪያ እያገላበጡ ቆዩ።

«ታዲያ ማን ነው የሚቀቅልልዎት?»

«እኔው ነኝ። ለባለቤቴ ስቀቅል ነው የለመድኩት። ስኳሩ እስኪወስዳት ድረስ አሥር ዓመት ሙሉ ቀቀልኩላት።» ማንኪያውን አስቀመጡት። «አንድ ቀን እንኳ ግን አብሬያት አልበላሁም።»