ለእንግዳ የጸዳው ቤት

ግሌኒስ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ታላቅ እህቷ ቤሪል ወለሉን ስትፈገፍግ ትሰማለች።

«ቤሪል፣ ተይው በናትሽ። እንዳለ ይዩት።»

«እንዳለ? እነዚህ ሰዎች በቆሻሻ ነው የሚኖሩት ይበሉን?»

በዚያች በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ባለች ሸለቆ ሰው ሊሞት እንኳ መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ያጸዳል። ቤሪል ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። ግሌኒስ ፖም ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ ሴት ነበረች። አንድ ክረምት እንደ ጉንፋን ያለ ነገር ያዛት፤ ጉንፋኑ ተሻላት፣ ጉልበቷ ግን አልተመለሰም። አሁን ጸጉሯን ከታጠበች በማግስቱ ከአልጋ አትወርድም። ሐኪሞቹ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ይሉታል። ቤሪል ስንፍና ትለዋለች።

«እኔስ አይደክመኝም? ማነው የማይደክመው?»

ዛሬ ለሕመምተኞች ረዳት ከሚመድበው የድጋፍ ቢሮ አንዲት ሴት ልትመጣ ነው። የግሌኒስን ሁኔታ አይታ ካመነች፣ የምታበስልላትና ገላዋን የምታጥባት ረዳት ይመደብላታል። ግሌኒስ ሌላ ምንም አልተመኘችም፤ በእህቷ እጅ እየታጠበች በእህቷ አፍ መሰደቡ አንገፍግፏታል። ቢሮው እንደሷ ያሉ ሕመምተኞች የሚገናኙበት አዳራሽም አለው፤ ፎቅ ላይ፣ ያለ አሳንሰር። ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ!

ቤሪል መስኮቱን ወልውላ ስትጨርስ ስኮን የሚሉትን ትንንሽ ዳቦ ጋግራ ከጃምና ከክሬም ጋር ደረደረች። ቀጥላ እህቷን ጎትታ አስነሣቻት፣ ጸጉሯን አበጠረች፣ ከንፈሯን ቀባቻት።

«ሬሳ መስለሽ ሰው ፊት አትቀርቢም።»

ግሌኒስ እምቢ ለማለት አቅም አጣች።

ከቢሮው የመጣችው ታሊያ ደግ ልጅ ነበረች፤ የባሰውም እሱ ነው። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ስኮኑን ቀመሰች።

«እርስዎ ነዎት የጋገሩት? ሲጣፍጥ!» አለች ወደ ግሌኒስ ዞራ።

ቤሪል ቀደመች። «እሷ ናት እንጂ። በኛ ቤት ሰነፍ የለም።»

«አይደለም… እሷ ናት» አለች ግሌኒስ።

«አፍራ ነው» አለች ቤሪል እየሣቀች።

ታሊያ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «ከእህትዎ የባሱ ብዙ አሉብን። ቤቱ እንዲህ አምሯል፣ እርስዎም ቅርብ ነዎት። ረዳት አያስፈልጋቸውም ብዬ ነው የምጽፈው።»

ቤሪል ተመልሳ ሳህኑን አነሣች። «ሰማሽ? የተማረች ሴት ናት ደህና ነሽ ያለችው። ከነገ ጀምሮ ወለሉን አንቺ ትፈገፍጊያለሽ።»

ግሌኒስ የከንፈሯን ቀለም ልትጠርግ እጇን አነሣች። መሐል ላይ አቃታትና እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ።

«ኧረ ተይው፣ አትጥረጊው» አለች ቤሪል፤ «አምሮብሻል።»