ጽዋውን የተሸከምኩበት ከሰዓት

ስም አልጠራም። የምጽፍባት ሴት ራሷን ታውቃለች፤ ሸዋ ሮቢትም ስም ሳይጠራ ሰው የሚታወቅባት ከተማ ናት። የባሌ እህት ናት፣ ይህ ይበቃል። ስለ ባሌ ደግሞ ምንም አልናገርም።

ነገሩ የጀመረው በእግሬ ነው። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ግን ግራ እግሬ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ አስፋልቱን እስክሻገር ድረስ እንገዳገዳለሁ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጡሩንባ ይነፉብኛል። የባሌ እህት ይህን አየችና ለጎረቤቱ ሁሉ አስረዳች፤ "ጠዋት ደህና ናት። የምትንገዳገደው ከምሳ በኋላ ነው። እንግዲህ በምሳ ሰዓት ምን እንደምትቀምስ እናንተ ገምቱ።"

ገመቱ። እኔ ካቲካላ አፌ ገብቶ አያውቅም።

ወሬው ማኅበራችን ድረስ ገባ። በወር በወሩ የማርያምን ማኅበር የምንጠጣ ሴቶች ነን። የወሩ ደጋሽ ድግሷን ስትጨርስ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ታስረክባለች። ተረኛዋ ጠላ የተሞላውን ጽዋ ተሸክማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ማኅበርተኛው ከኋላዋ እየዘመረ ይሸኛታል፣ ማንም አይቀድማትም። የእኔ ተራ ሲደርስ የባሌ እህት ተነሥታ "እሷ ትቆይ፣ ትደፋዋለች" አለች። ሁሉም ወደየጠላው አቀረቀረ። ጽዋው አልፎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በማኅበሩ ለእኔ የሚቀዳልኝ ጠላ ቀርቶ ውሃ ሆነ። ቀጂዋ ማን እንደነበረች መናገር አያስፈልግም።

እየባሰብኝ ሲሄድ ልጄ አዲስ አበባ ወሰደችኝ። የደብረ ሲናን ዳገት ወጥተን ብርዱ ሲቀበለኝ እግሬ ላላ አለልኝ። ምክንያቱ ስላልገባኝ ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም።

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። ጭንቅላቴ በማሽን ከታየ በኋላ በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ እንደሚባል ነገረችኝ። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የነርቭ ሽፋን ይበላል አለች፤ ፕላስቲኩ የተላጠ የመብራት ሽቦ እንደማለት ነው።

"የሚብስብዎ መቼ ነው፣ እማማ?"

"ከምሳ በኋላ" አልኩ፣ ተሸማቅቄ።

"ሙቀቱ ነዋ! ይህ በሽታ ሙቀት አይወድም። እርስዎ ደግሞ የሚኖሩት ሸዋ ሮቢት!"

"እስቲ ድገሚልኝ" አልኳት። "ጮክ ብለሽ።"

ከመድኃኒቱ ሌላ ለእግሬ መገታተር ማግኔት እንሞክር አለች፤ በሽታውን አያጠፋም፣ እግሩን ግን ሊያላላው ይችላል። ጉትቻዬንና የፀጉር መርፌዬን አስወለቁኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ብረት እንዳለም ጠየቁኝ።

"የሰው ሐሜት እንጂ ብረት የለበትም" አልኩ።

የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ነገር አናቴ ላይ አስጠጉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ዶሮ ቆርቆሮ ላይ እህል ስትለቅም ያለ ድምፅ። አያምም። የኃይሉን ልክ ሲፈልጉ ግራ እግሬ ሳላዝዘው ተወርውሮ ሐኪሟን ለጥቂት ሳታት።

"ይቅር በይኝ ልጄ" አልኳት። "ይህ እግር የሚፈልጋት ሌላ ሰው ናት።"

ልጄ ቤት ተቀምጬ ሳምንታት ተመላለስኩ። ጉልበቴ ቀስ በቀስ መታጠፍ ጀመረ። ሐኪሟ ስታሰናብተኝ አልዋሸችኝም፤ ለውጡ ዘላቂ ላይሆን ይችላል፣ ተመልሼ መምጣት ሊኖርብኝም ይችላል። ፀሐይ ላይ ስወጣ አንገቴ ላይ እርጥብ ጨርቅ እንዳደርግም መከረችኝ።

ሸዋ ሮቢት ከእኔ ቀድሞ ወሬው ገብቶ ጠበቀኝ። መናኸሪያው በር ላይ አንዱ ባለባጃጅ፣ "እትዬ፣ ማግኔት አስገቡብዎት አሉ! ባጃጄ እንዳይለጠፍብዎ ራቅ ይበሉልኝ!" አለኝ።

"ብረት ነው እንዴ?" አልኩት። "እኔ ካርቶን መስሎኝ ነበር።"

ማኅበሩ በደረሰ ቀን ድግሱ አልቆ ጽዋው ሲነሣ ብድግ አልኩ።

"ያለፈኝ ተራ አለኝ። ዛሬ እኔ ነኝ የምሸከመው።"

"ብትደፊውስ?" አለች የባሌ እህት።

"ከደፋሁት ዕድሜ ልኬን ውሃ አጠጪኝ፣ ሁለተኛ ተራዬንም አልጠይቅም።"

ሴቶቹ ተያዩ። በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጡት ሽማግሌያችን "ትሸከም" አሉ።

ከምሳ በኋላ ነበር፣ ያውም የግንቦት ፀሐይ። እርጥቡን ጨርቅ ነጠላዬ ሥር አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ጽዋውን አነሣሁ። ወደ ቤቴ በጓሮ በኩል አጭር መንገድ አለ። በገበያው በኩል ሄድኩ። ግራ እግሬን አነሣዋለሁ፣ ይነሣል፤ አስቀምጠዋለሁ፣ ባስቀመጥኩት ይቀመጣል። የሽንኩርት ነጋዴዎቹ ሚዛናቸውን ትተው ቆመው አዩኝ። ደህና አድርገው ይዩኝ ብዬ የበለጠ ቀስ አልኩ። መዝሙሩ ከኋላዬ እየሳሳ መጣ።

"ኧረ እባክሽ ፈጠን በይ፣ ቀለጥን እኮ!" አለች የባሌ እህት።

"እንዳልደፋው ነው" አልኳት፣ ዞር ሳልል።

ቤቴ ስንደርስ ጽዋውን ጠብ ሳይል ቦታው ላይ አኖርኩት። ሽማግሌያችን ወደ ጽዋው ውስጥ አዩና ሳቁ፤ ሌሎቹም እልል አሉ። የባሌ እህት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች የበሩ ደፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

"ውይ፣ ጠማኝ" አለች።

ለሁሉም ጠላ ቀዳሁ። ለእሷ ውሃ።