ለስፌት የተተወ ቦታ

እናቴን ደንበኞቿ «እትዬ መቀስ» ይሏታል። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሳሎናችንን በመጋረጃ ለሁለት ከፍላ በአንዱ በኩል ትሰፋለች፣ በሌላው እንግዳ ትቀበላለች። ሰፊው ክፍል የስፌት መኪናዋ ነው፤ እንግዳ ተጣቦ ይቀመጣል።

ከመኪናዋ ጎን ያለው ኮምፒውተር ውስጥ የአሥራ ስምንት ዓመት የደንበኞች ልክና የልብስ ንድፍ ተቀምጧል። ንድፍ የምታወጣበት ፕሮግራም በአሮጌው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ካልሆነ አይነሳም፤ የሠራው ድርጅትም ከተዘጋ ቆይቷል። ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ብትገለብጣቸው እንኳ ሌላ ማሽን አይከፍታቸውም። ፕሮግራሙ ንድፉን እንጂ ቁጥሮቹን ስለማያሳይ በእጅ መገልበጥም አይቻልም።

የሌላው ሰው ልክ ቢጠፋ እንደገና ይለካል። የአንዲት አስተማሪ ደንበኛዋ ግን አይለካም። አስተማሪዋ በሕመም ምክንያት አንድ ጡቷን ያጣች ሰሞን መጥታ፣ መጋረጃውን ዘግታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተለካች። ስትጨርስ «ከእንግዲህ ማንም ሜትር አያስጠጋብኝም» አለች። እናቴ «ማንም አያስጠጋብሽም፤ ልክሽ እኔ ጋ ነው» ብላ ቃል ገባችላት። ከዚያ ወዲህ ስድስት ቀሚስ ሰፍታላታለች፣ አንድም ቀን ሜትር ሳታነሳ።

ዘንድሮ አሮጌው ሲስተም ኢንተርኔት አልከፍት፣ አዲሷን ፕሪንተር አላውቅ አለ። እናቴ ሰፈሩ «ዶክተሩ» የሚለውን የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራች። ኮምፒውተሩን እንደ በሽተኛ ዙሪያውን አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይሄ አልቆለታል። ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ አዲስ ልጫንልዎ።»

«ልኮቹስ?»

«እነሱማ አብረው ይሄዳሉ። ወይ አሮጌውን ይያዙ፣ ወይ አዲሱን።»

«ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም?»

«መቻሉን ይቻላል። ግን ለእርስዎ ራስ ምታት ነው፤ በዚህ ዕድሜ...»

እናቴ ዘንድ «በዚህ ዕድሜ» የምትባለዋ ነገር ክብሪት ናት። ሻንጣውን አንስታ በትሕትና እስከ በር ሸኘችው።

እኔም አላገዝኳትም፤ ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ። «እማዬ፣ አሁንስ ብታርፊ ምናለ?» አልኳት።

«አንቺ ቢሮ ተቀምጠሽ ኮምፒውተር ስትነካኪ ማን እረፊ አለሽ?» አለችኝና መነጽሯን አጠለቀች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልኳ ቪዲዮ እያየች፣ ደብተር ላይ ስትጽፍ ከረመች። ከዚያ «አዲሱን ሲስተም በፍላሽ አምጪልኝ፤ እጅሽን ግን ሰብስቢ» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጀመረች። የኮምፒውተሩ ማከማቻ ዲስክ ስክሪኑ ላይ እንደ ረጅም ጥብጣብ ተዘርግቶ ሲወጣ ሳቀች።

«ይሄማ ጨርቅ ነው! ሲያስፈራሩኝ የከረሙት በዚህ ነው?»

ለአሮጌው ሦስት መቶ አሥር ጊጋ ቆረጠች፣ ለአዲሱ ደግሞ ድርሻውን። መሃል ላይ ሃያ ጊጋ ለማንም ሳትሰጥ ተወች።

«ይሄስ የማን ነው?» አልኳት።

«የስፌት ነው። ጠርዝ ድረስ ቆርጦ የሚሰፋ ሰው የት አይተሻል?»

ሳቅኩባት። ለዶክተሩ ደውዬ ብነግረው እሱም ሳቀ።

ጭነቱ አለቀና ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሳ። በቀጥታ ወደ አዲሱ ሲስተም ገባ፤ አሮጌው ደብዛው የለም። ሁለቴ አጥፍተን አበራነው፤ ያው ነው። እንደገና ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። «አላልኩም? ሄዷል በቃ» አለ።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ሳታየው ነው የገደልከው?» ብላ ዘጋችበት።

«ፈርቻለሁ» አለችኝ፤ «ለሱ ግን አልነግረውም።» ዲስኩን የሚያሳየውን ገጽ ከፍታ ደብተሯን ከጎኑ አስቀመጠች። ደብተሩ ሦስት መቶ አሥር ይላል፣ ስክሪኑም ሦስት መቶ አሥር።

«ጨርቁ እንዳለ ነው። የጠፋው መግቢያው ነው።»

ስለ መግቢያው ከቪዲዮው የገለበጠችውን አንድ መስመር ትእዛዝ ፊደል በፊደል ጻፈች። አጥፍታ አበራችው። ሁለት ስሞች ከላይና ከታች ተደርድረው ወጡ። የታችኛውን መረጠች፤ አሮጌው ሲስተም እያቃሰተ ተነሳ። የአስተማሪዋን የደንበኛ ቁጥር ጻፈች፤ ንድፉ ብቅ አለ። እናቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችውና «ሄዷል አለኝ እኮ!» አለች። እኔ ግን አለቀስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ፕሮግራሙ ቦታ ጠበበኝ ብሎ አዲስ ንድፍ አላስቀምጥ አለ። እናቴ ለአሮጌው ጠበቅ አድርጋ ቆርጣለት ኖሯል። ምንም አልደነገጠችም፤ ያቺን ሃያ ጊጋ ከጎኑ ለቀቀችለት። ይህን የሰማው ዶክተሩ ሊያይ መጣ።

«እትዬ፣ እስቲ እንዴት እንዳደረጉት ያሳዩኝ።»

«በዚህ ዕድሜህ ይገባሃል?» አለችው፤ ግን ወንበር ሳበችለት።

እሱ እንደተቀመጠ አስተማሪዋ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ የተማሪዎቼ ምረቃ ደርሷል። ግን ልኮቹ በሙሉ ጠፍተዋል ሲባል ሰማሁ። የኔም ጠፍቶ ከሆነ... ቀሚሱ ይቅርብኝ።»

ወሬውን ማን እንደዘራው ግልጽ ነበር፤ ዶክተሩ አንገቱን ደፋ።

«ማነው ጠፋ ያለሽ?» አለች እናቴ። «ቀለሙን ብቻ ንገሪኝ።»

ሜትሩ እንደ ወትሮው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አወለቀችው፣ ጠቀለለችው፣ መሳቢያ ውስጥ ከታ ዘጋችበት። ይሄኔ ነው አስተማሪዋ ኮቷን ያወለቀችው።