የቮልሳችንን ባትሪ የጨረሰው

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ስንኖር አባቴ ሞጆ ለሥራ የሚመላለስባት አሮጌ ቮልስ ነበረችን። አንድ ክረምት ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች። ጎረቤት እየተጠራ ተገፋች፣ ሰፈሩም ሳቀብን። አባቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ሳያጣራ እንቅልፍ አይወስደውም። ጋራዥ መሄድን እንደ ሽንፈት ቆጥሮ ምርመራውን እዚያው ግቢያችን ውስጥ ጀመረ።

መጀመሪያ የዲናሞውን ቺንጊያ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አለመላላቱን አየ። የኋላውን መቀመጫ አንስቶ ባትሪው ላይ ውሃ ጨመረ፣ ሽቦው የሚታሰርበት ፖል ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር በሙቅ ውሃ አጠበ። ሞተሩ ሲነሳ ቀዩ መብራት ይጠፋል፤ ዲናሞው ይሞላል ማለት ነው። ባትሪው ግን በማግስቱ ሞቶ ይገኛል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!" እያለ ቮልሷን ሲቆጣ እናቴ ቀና ብላ አታየውም ነበር። ዝምታዋን የወንድሜ ናፍቆት ነው ብለን ተውነው። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ድምፁ ጠፍቶብን ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ዘዴ አመጣ። ከሥራ ሲመለስ የባትሪውን ፖል ይነቅላል፣ ጠዋት ይመልሳል። ያን ሳምንት ቮልሷ በቁልፍ ብቻ ተነሳች። እሑድ ምሳ ላይ ደረቱን ነፍቶ፣

"ዲናሞውን በከንቱ አማሁት። እኛ ሳናይ ባትሪውን የሚበላ ነገር አለ። ፖሉን ስነቅልበት ጊዜ ይኸው ደህና አደረ" አለን።

እናቴ የጠቀለለችውን ወደ ትሪው መለሰች።

"አንተ ነህ የነቀልከው? እኔ እኮ የቮልሷ ሬዲዮ የተበላሸ መስሎኝ!"

ለካ አባቴ አመሻሽ ላይ ቀበሌ ስብሰባ ሲሄድ፣ እሷ ቮልሷ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዘግታ፣ መንግሥት ወንበዴ የሚላቸውን ሰዎች ሬዲዮ ታዳምጥ ኖሯል። የተማረኩ ወታደሮችን ስም ያነቡ ነበር። ቤት ውስጥ ሬዲዮ እንዳትከፍት፣ ከቀበሌው ሊቀመንበር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ለአባቴም ያልነገረችው ቢጠየቅ መዋሸት ስለማይችልበት ነው።

አባቴ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጥቶ ፖሉን መለሰ። ከዚያ ወዲያ ሳያጉረመርም እያስገፋ ሞጆ ይሄድ ጀመር።

ጥቂት ቆይቶ ልጇ ከወንድሜ ጋር በአንድ ጦር የነበረ የመቂ ሴት መጣች። የልጇን ስም በዚያው ሬዲዮ ሰምታለች፣ ያውም የእኛ ፖል ተነቅሎ ባደረበት ሳምንት። "የእናንተን ልጅ እንኳ ልብ አላልኩም፤ የልጄን ስም ስሰማ ራሴን ስቼ ወደቅሁ" አለች። ሰዎቹ ደግሞ አንዴ ያነበቡትን ስም አይደግሙም። 

ደርግ ወደቀ፣ ምርኮኛው ወደየቤቱ ገባ፣ የመቂዋም ልጅ ገባ። የእኛ አልመጣም። ዘመድ ተሰብስቦ ተዝካሩ ይውጣ ሲል እናቴ በጄ አላለችም። አባቴ አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ እየሰማ፣

"ያን ሳምንት ተጠርቶ ቢሆንስ?" አለች።